አጥር ያልነበረው መንገድ

ደጋግሜ የማያቸው ፎቶዎች አሉ። በ1957 ጣሊያን ውስጥ የተነሱ ናቸው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፎቶ አንሺው መንገድ ዳር አልቆመም። ጋቢና ነው የተቀመጠው። መኪናዋ ጣሪያ የሌላት ፌራሪ ናት። የሚነዳት ፒተር ኮሊንስ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው። ፎቶ አንሺው ደግሞ ሉዊ ክሌማንታስኪ ይባላል። ውድድሩ ሚሌ ሚሊያ ነው። ከብሬሻ ተነስቶ፣ ሮም ደርሶ፣ ተመልሶ ብሬሻ የሚገባ የአንድ ሺህ ማይል ግልቢያ። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም ሰው በየቀኑ በሚሄድበት ተራ መንገድ ላይ።

በፎቶዎቹ ውስጥ የኮሊንስ ክንድ ሌንሱ አጠገብ ነው። ከፊት መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ሰው ነው። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ፣ ሁሉም ወጥቷል። ግንቦት ውስጥ ያለ እሑድ ነበርና ብዙው የክት ልብሱን ለብሷል። አጥር የለም። ገመድ እንኳ የሌለበት ቦታ ይበዛል። መኪናዋ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር ሰዉ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ስለዚያ ዘመን ፎቶዎች የማስበው ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ፎቶዎቹ ለምን እንዲህ እንደሚያምሩ ሲወራ የመኪናዎቹ ቅርጽ ይነሳል፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይነሳል፤ ላይካ ካሜራ ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው። ለእኔ ግን ዋናው ቅርበቱ ነው። በፎቶ አንሺውና በነጂው መካከል፣ በነጂውና በተመልካቹ መካከል ምንም ነገር አልነበረም። ፎቶዎቹን እስከ ዛሬ ሕያው ያደረጋቸው ይኸው ነው። ያን ሁሉ ሰው የጨረሰውም ይኸው ነው። ሁለቱን ለይቼ ማየት አልቻልኩም። ልለያቸውም አልፈልግም።

ክሌማንታስኪ በ1912 ሃርቢን በምትባል የማንቹሪያ ከተማ ተወለደ። ኑሮው ግን እንግሊዝ አገር ሆነ። ከጦርነቱ በፊት ራሱም በመኪና ይወዳደር ነበር። ስለዚህ ካሜራ ይዞ ሲመጣ ነጂዎቹ እንደ እንግዳ አላዩትም። ከኮሊንስ ጋር የወጣው በ1957 ብቻ አይደለም። በ1956ም አብረው ነበሩ፤ ያን ቀን ዝናቡ አላባራ ብሎ በዚያ ውሽንፍር ውስጥ ሁለተኛ ወጥተዋል። በ1957 ደግሞ ሲመሩ ቆይተው ፓርማ አካባቢ መኪናዋ ተበላሸችና ቀሩ። አስቡት፤ አንድ ሰው በዓለም ትልቁ የመንገድ ውድድር ላይ፣ ከመሪው አጠገብ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ እየተደገፈ በሌላው ፎቶ ያነሳል። ዛሬ ካሜራው መኪናው ላይ ይታሰራል፤ ሰው አያስፈልገውም። የታሰረ ካሜራ ግን አይፈራም። የክሌማንታስኪ ፎቶዎች ላይ የሚፈራ ሰው እጅ አለ። እኔ እንዲያውም አንዳንዱ ፎቶ ትንሽ ዘንበል ማለቱን ነው የምወድለት።

የሚሌ ሚሊያ ነገር ከተነሳ ስለ ቁጥሮቹ ሳልናገር አላልፍም። መኪናው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የመነሻ ሰዓቱ ነበር። በ1955 ስተርሊንግ ሞስ የነዳት፣ ዴኒስ ጄንኪንሰን አጠገቡ የተቀመጠባት መርሴዲስ ቁጥሯ 722 ነው፤ ከጠዋቱ 7፡22 ተነሳች ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ ሰዓት። ያን መንገድ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሱት። አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ነው። ጄንኪንሰን ጋዜጠኛ ነበር፤ ጢማም ሰውዬ። መንገዱን ቀድመው አጥንተው እያንዳንዱን ኩርባ በረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ ጽፎታል። ጥቅሉን በትንሽ ሣጥን ውስጥ እያዞረ ያነብና ለሞስ በእጅ ምልክት ይነግረዋል። በዚያ የሞተር ጩኸት ድምፅ አይሰማማ!

ትንንሾቹ መኪናዎች ደግሞ የሚነሱት ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው። ከእነሱ መሀል ፊያቶች ነበሩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ያቺ የምናውቃት ትንሽ ፊያት፣ የኛ ታክሲ የነበረችው፣ ዘመዶቿ ከፌራሪና ከመርሴዲስ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ሮጠዋል።

እኔ ፎቶን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አጎቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ዋናው ሕግ አለመንቀሳቀስ ነበር። «ቀጥ በል! ትንፋሽህን ያዝ!» ይላል አጎቴ። ሙሽራውም፣ ወታደሩም፣ ለፓስፖርት የመጣውም ቀጥ ይላል። የሚንቀሳቀስ ነገር በእሱ ዓይን ፎቶ አልነበረም፤ ብክነት ነበር። ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ላይ የድሮ የመኪና መጽሔቶችን ያገኘሁት። ገልጬ ሳይ የሚታየኝ ሁሉ አጎቴ ይጥለው የነበረው ነገር ነው። የተምዘገዘገ ግድግዳ፣ የተዘረጋ ዛፍ፣ እንደ ጭስ የሆነ ሕዝብ። መሀል ላይ ግን አንድ ፊት፣ አንድ መነጽር ጥርት ብሎ ይታያል። እንዴት ነው ይህን ያደረጉት? ያን ጊዜ የጀመረኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

መልሱ ሒሳብም ጉልበትም አለበት። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ከ55 ሜትር በላይ ይጓዛል። ካሜራህን በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ብታነሳው መኪናው ሌንሱ ተከፍቶ እስኪዘጋ አንድ ሜትር ያህል ሄዷል። በአንድ ሺህኛ ብታነሳው ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ። ስለዚህ ፈጣኑን መርጠህ ጥርት ያለ መኪና ማግኘት ትችላለህ። ችግሩ ያን ጊዜ መኪናው የቆመ ይመስላል። ጎማው አይዞርም። ሣሩ ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል። አሽከርካሪው ገበያ ሊሄድ የተቀመጠ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ቀስ ያለውን ይመርጣሉ፤ ካሜራውንም ከመኪናው ጋር ያዞሩታል። እግርህን ፎቶውን ወደምታነሳበት አቅጣጫ ትተክላለህ። ከወገብህ ተጠምዝዘህ መኪናው ወደሚመጣበት ትዞራለህ። ገና ከሩቅ በካሜራው መመልከቻ ትይዘዋለህ፤ አብረኸው ትመጣለህ፤ ፊት ለፊትህ ሲደርስ ትጫነዋለህ። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ ሁሉ የሚቆመው። መቆም የለበትም። ገና ሲጫወቱ ሩሯን የመታ ልጅ ዱላውን መሀል ላይ እንደማያቆመው፣ ካሜራውም ከተጫንክ በኋላ መኪናውን ተከትሎ መሄድ አለበት። ያን ጊዜ መኪናው ይጠራል፤ የቀረው ዓለም ሁሉ ይቀልጣል። ፍጥነቱን የሳለው የሰውየው ወገብ ነው።

ትኩረቱም በእጅ ነው። መኪናውን ተከትለህ ፎከስ ማድረግ አይታሰብም። ቀድመህ አስፋልቱ ላይ አንድ ምልክት ትመርጣለህ፤ የተሰነጠቀ ቦታ ወይም የዘይት ጠብታ። እዚያ ላይ ታስተካክልና መኪናው እዚያ እስኪደርስ ትጠብቃለህ። ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ፊልም 36 ፎቶ አለው። ሮሊፍሌክስ የያዘ ሰው ደግሞ በአንድ ጥቅል 12 ብቻ ነው የሚያገኘው። በሮሊፍሌክስ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ከላይ ወደ ታች የምታየው ምስል ግራና ቀኙ የተገላበጠ ነው። መኪናው ከግራ ሲመጣ መስታወቱ ላይ ከቀኝ ይመጣል። በዚህ ካሜራ በፍጥነት የሚያልፍ መኪና ተከትሎ ያነሳ ሰው እጁ ከዓይኑ በላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የነበረውን ፈረንሳዊውን ዣክ ሄንሪ ላርቲግንም ላንሳ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ በሚባለው ትልቅ የመኪና ውድድር ላይ አንድ ፎቶ አነሳ። መኪናዋ ከፎቶው ልትወጣ ደርሳለች፤ ፊቷ ተቆርጧል። የኋላ ጎማዋ ክብ አይደለም፤ እንቁላል ሆኖ ወደፊት ዘምሟል። መንገድ ዳር የቆሙት ሰዎች ደግሞ ወደ ኋላ ዘመዋል። ምክንያቱ የካሜራው መጋረጃ ነው። በመጋረጃው ላይ ያለው ጠባብ ክፍተት ምስሉን በአንዴ አያነሳውም፤ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየሄደ ነው የሚያነሳው። ክፍተቱ እስኪያልፍ መኪናዋ ወደፊት ተጉዛለች፤ ስለዚህ ጎማው ዘመመ። ላርቲግም ካሜራውን እያዞረ ነበር፤ ስለዚህ የቆሙት ሰዎች በተቃራኒው ዘመሙ። የዞረበት ፍጥነት ከመኪናዋ ፍጥነት ትንሽ አነስ ማለቱ ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ላይ አመጣቸው። ፎቶው በዓለም የታወቀው ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1963 የኒውዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የላርቲግን ሥራ ሲያሳይ ነው። እኔ ከዚያ ፎቶ የሚገርመኝ ጎማው አይደለም። ሰዎቹ ናቸው። መኪናዋ አጠገባቸው ናት።

ካሜራ ዓይኑ ላይ ያለ ሰው ርቀት ይጠፋበታል። ይህን በጣም የሚያሳይ ታሪክ ከውድድር ሜዳ ሳይሆን ከጦርነት የመጣ ነው፤ ባለታሪኩ ግን ያው ክሌማንታስኪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች አዳዲስ መሣሪያ የሚሞክሩበት ክፍል ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበር። ፓንጃንድረም የተባለ ጉደኛ ነገር ሠሩ፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጎማዎች፣ በሮኬት የሚሽከረከሩ፣ መሀላቸው ፈንጂ የሚጫን። በ1944 መጀመሪያ ላይ ዴቨን ባሕር ዳርቻ ሲሞክሩት መሣሪያው አቅጣጫውን ስቶ ሮኬቶቹን እየተፋ በቀጥታ ወደ ክሌማንታስኪ መጣ። እሱ ግን በሩቅ ማቅረቢያ ሌንስ እያየ ሥራው ላይ ነው። ጩኸቱ ሲቀርበው ነው ቀና ብሎ ያየውና ሮጦ ያመለጠው። ከዚህ በኋላ ይህ ሰው ፌራሪ ጋቢና መግባቱ ምን ይባላል?

አሁን ከሁሉ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1950 ሞናኮ። ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ እየመራ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሷል። ከኋላው፣ ባሕሩ ዳር ባለው ኩርባ ላይ፣ ማዕበል አስፋልቱን አርሶት ኖሮ ፋሪና የተባለው ነጂ ተንሸራተተ፤ ከኋላ የመጡት እየተከታተሉ ተላተሙ። መንገዱ ተዘጋ። ፋንጂዮ ይህን አያውቅም። ዞሮ ሊመጣ ነው። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ግን ፍሬን ያዘ፤ እጁን አውጥቶ ከኋላው ያሉትን አስጠነቀቀ፤ ቀስ ብሎ በተሰባበሩት መኪናዎች መሀል አልፎ ሄደ። አሸነፈም። እንዴት አወቀ? በኋላ ራሱ እንደተናገረው ተመልካቹን አይቶ ነው። መሪው እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ እኔን ማየት አለበት። ሰው ግን እኔን አያይም። ወዲያ ዞሯል። ሁልጊዜ የሚያየው የፊቶች ቀለም ተለውጦበታል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ በ1936 እዚያው ሞናኮ የደረሰውን የመኪናዎች መላተም የሚያሳይ ፎቶ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አይቶ ነበር።

አንድ ፎቶ አንድን ነጂ አተረፈው ማለት ነው። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ የድሮ ፎቶ ሳይ ከመኪናው በፊት ሕዝቡን አያለሁ። ማን ወዴት ያያል? ማን ልጅ ትከሻው ላይ ተሸክሟል? ፋንጂዮ የሕዝቡን ፊት ሊያነብ የቻለው ፊታቸው ቅርብ ስለነበረ ነው።

ስለ ፊት ካነሳን ዘንዳ፣ የዚያን ዘመን የሚበልጡት ፎቶዎች መኪና እንኳ የሌለባቸው ናቸው እላለሁ። አሜሪካዊው ጄሲ አሌክሳንደር ነጂውን ጂም ክላርክን በ1962 ስፓ በሚባለው የቤልጅየም የውድድር ሜዳ ላይ አንስቶታል። ክላርክ ስኮትላንዳዊ የገበሬ ልጅ ነው፤ ያን ቀን የመጀመሪያ ግራንድ ፕሪውን ማሸነፉ ነበር። ሰው ፎቶውን ሲያይ ደስታ ይጠብቃል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1960፣ እዚሁ ስፓ ላይ በአንድ ውድድር ሁለት ወጣቶች ሞተዋል፤ ክሪስ ብሪስቶውና አለን ስቴሲ። ስቴሲ የክላርክ የቡድን ጓደኛ ነበር። ብሪስቶው የሞተበት ቦታ ላይ ክላርክ ለጥቂት ነው አስከሬኑን ሳይነካ ያለፈው። ስፓን ይጠላው ነበር። በሚጠላው ሜዳ ላይ ከ1962 እስከ 1965 አራት ዓመት ተከታትሎ አሸነፈ። በ1968 ሚያዝያ ውስጥ ሆከንሃይም ላይ ሞተ። ይህን ሁሉ ይዤ ነው ያንን ፊት የማየው።

ጀርመናዊው ራይነር ሽሌገልሚልክም አለ። በ1962 ገና የፎቶ ተማሪ ሳለ ኑርቡርግሪንግ ወደሚባለው የጀርመን የውድድር ሜዳ ሄዶ ነው የጀመረው። እሱን የሳበው ከመኪናው ይልቅ መኪናው ውስጥ ሊገባ ያለው ሰው ነበር። ነጂው ጓንቱን ሲያጠልቅ፣ ዓይኑ ከፊቱ ያለውን ሳያይ ሲቀር። ፒት ውስጥ፣ መኪናዎቹ በውድድሩ መሀል ቆመው በሚታዩበት ቦታ፣ ደግሞ ሚስቶች ነበሩ። ለጌጥ አልነበረም የሚመጡት፤ ሰዓት ይዘው የባሎቻቸውን ዙር ይመዘግቡ ነበር። ኒና ሪንት ከነሱ አንዷ ናት። አስቡት፤ ባልሽ በሚመለስበት ሰዓት ካልተመለሰ ከሁሉ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እጅሽ ላይ ያለው ሰዓት ይነግርሻል። ዮኸን ሪንት በ1970 ሞንዛ ላይ ሞተ፤ የዚያን ዓመት የዓለም ሻምፒዮንነት ዋንጫ ከሞተ በኋላ ነው የተሰጠው።

ወደ ከባዱ ነገር መምጣቴ ነው። ክሌማንታስኪና ኮሊንስ በ1957 አብረው በሄዱበት በዚያው ቀን፣ በዚያው ውድድር፣ ስፔናዊው አልፎንሶ ደ ፖርታጎም ነበር። ሮም ላይ ሲቆም ተዋናይዋ ሊንዳ ክርስቲያን መጥታ ሳመችው። ይህ በፎቶ ተይዟል፤ ብዙ ቦታ ታትሟል። ከዚያ ሄደ። ብሬሻ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጎማው ፈነዳ። መኪናው ወደ ሕዝቡ ገባ። ፖርታጎ ሞተ፤ አብሮት የነበረው ኤድመንድ ኔልሰን ሞተ፤ መንገድ ዳር ከቆሙት ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ከነሱ አምስቱ ልጆች ናቸው። የሚሌ ሚሊያ የፍጥነት ውድድርነት በዚያ አበቃ።

የሮሙ ፎቶ እንደ ፍቅርና ሞት ታሪክ ሲቸበቸብ ሳይ ይከፋኛል። የልጆቹን ፎቶ ማንም አያወጣም። እነሱ በራቸው ላይ የቆሙ ናቸው። ከላይ የነገርኳችሁ፣ በጋቢናው ፎቶዎች ላይ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ሕዝብ ወገኖች።

ከዚያ በፊት በ1955 «ለማን» በምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ በ24 ሰዓቱ ውድድር ላይ የደረሰው ይበልጥ ነበር። ሰኔ 11 ቀን፣ የፒየር ለቬግ መርሴዲስ ከፊቱ ያለ መኪና ነክቶ ወደ ተመልካቹ በረረ። ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ውድድሩ ግን አልተቋረጠም። መርሴዲስ በዚያው ሌሊት መኪናዎቹን አስወጣ፤ ዓመቱ ሲያልቅም ከውድድር ራሱን አገለለ። በ1961 ሞንዛ ላይ ቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ ከ15 ተመልካቾች ጋር ሞተ። ኮሊንስም አልቆየም፤ በ1958 ነሐሴ ኑርቡርግሪንግ ላይ ሞተ። የ26 ዓመት ልጅ ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶ አንሺዎች ሳጥኖቻቸውን ሲከፍቱ የጓደኞቻቸውን ሬሳ ሳጥን እንደመክፈት ይሆንባቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ሥራቸውን የምናደንቅ ሰዎች ይህን ዘለን ስለ ብርሃንና ጥላ ብቻ ብናወራ ነውር ነው።

ነገሩ እንዲለወጥ ከታገሉት ዋናው ጃኪ ስቱዋርት ነው። በ1966 ስፓ ላይ በዝናብ ከመንገድ ወጣ፤ መኪናው ተጨማደደ፤ ነዳጅ እላዩ ላይ እየፈሰሰ ውስጡ ተያዘ። የሚያወጣው ሠራተኛ አልነበረም። ግራሃም ሂልና ቦብ ቦንዱራንት የተባሉ ተወዳዳሪዎች ናቸው ከተመልካች መፍቻ ተውሰው መሪውን ፈትተው ያወጡት። መፍቻ ከተመልካች! ከዚያ በኋላ ስቱዋርት አጥር፣ ሐኪም፣ ቀበቶ እያለ አላረፈም። ብዙ ሰው ፈሪ አለው። በ1969 ደግሞ ለማን ላይ ነጂዎች መንገዱን ሮጠው ተሻግረው መኪናቸው ውስጥ የሚገቡበትን አጀማመር ጃኪ ኢክስ ተቃወመ። ያ አጀማመር ለፎቶ የሚመኙት ነበር። ኢክስ ግን አልሮጠም። እየተራመደ ሄደ፤ ቀበቶውን ረጋ ብሎ አሰረ፤ ከሁሉ መጨረሻ ተነሳ። በዚያው የመጀመሪያ ዙር ጆን ዉልፍ ቀበቶ ሳያስር ተገልብጦ ሞተ። ከ24 ሰዓት በኋላ ያሸነፈው ኢክስና ጓደኛው ኦሊቨር ነው፤ ልዩነቱ 120 ሜትር ገደማ። በሚቀጥለው ዓመት ሩጫው ቀረ።

አጥሩ መጣ። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ተገፋ፤ ሌንሱ ረዘመ፤ የነጂው ፊት በሄልሜት ተሸፈነ። ፎቶው ሌላ ነገር ሆነ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሲያወሩ ይቆጫሉ። እኔ አልቆጭም። አጥሩ ቢያንስ ሃያ ዓመት ዘግይቶ መጥቷል። አንድም ፎቶ፣ የክሌማንታስኪም ቢሆን፣ ያ አጥር ሳይኖር ይቆይ ለማለት አይበቃም። ግን ፎቶዎቹን መውደዴን አልደብቅም። እነዚያ ሰዎች የቆሙበትን ቦታ አክብሬ ነው የማያቸው።

አንድ ቦታ ብቻ ልጨምር፤ ሲሲሊ። ታርጋ ፍሎሪዮ የሚባለው ውድድር ማዶኒ ተራሮች ላይ ነበር የሚካሄደው፤ አንዱ ዙር 72 ኪሎ ሜትር፣ መንደር ለመንደር፣ ኩርባ በኩርባ። የዓለም ሻምፒዮና አካል ሆኖ እስከ 1973 ቆይቷል። የአገሬው ጀግና ኒኖ ቫካሬላ ነበር፤ ፓሌርሞ ውስጥ አስተማሪ። በሥራ ቀን ተማሪ ፊት ይቆማል፤ ውድድር ሲደርስ ፌራሪ ወይም አልፋ ሮሜዮ ይነዳል። በ1965፣ በ1971 እና በ1975 አሸንፏል። ስሙን ግድግዳ ላይ በቀለም ይጽፉለት ነበር፤ በፎቶዎቹ ላይ መኪናው በራሱ ስም ሥር ሲያልፍ ይታያል። እዚያ ፎቶ አንሺዎችም ተወዳድረዋል። ፈረንሳዊው በርናር ካዬ በ1967 ከበረዶ ሸርታቴው ሻምፒዮን ከዣን ክሎድ ኪሊ ጋር ፖርሽ 911 ነድቶ ሰባተኛ ወጥቷል። ካሜራ የያዘውና መሪ የያዘው ያን ያህል የተቀራረቡ ነበሩ።

እኔ ነሐሴ ሲመጣ ኑርቡርግሪንግ የሚዘጋጀው የአሮጌ መኪናዎች ውድድር ላይ እሄዳለሁ። ትራኩ ዳር እንደማንም ሰው ከአጥሩ ጀርባ ነኝ። ስለዚህ ብዙ ጊዜዬን የማጠፋው መኪናዎቹ የሚዘጋጁበት ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ አጥር የለም። ኮፈኑን ከፍቶ የጎነበሰ መካኒክ አጠገብ ትቆማለህ። የቤንዚኑና የትኩስ ዘይቱ ሽታ ይመታሃል። እጁ ጥፍሩ ድረስ ጠቁሯል፤ ካርቡሬተሩን ሲያስተካክል በጆሮው ነው የሚሠራው፤ አንገቱን ያዘነብልና ያዳምጣል። መጀመሪያ ሰላም እላለሁ። ስለ መኪናው እጠይቃለሁ። ካሜራውን ወዲያው አላነሳም። አንዱ ሽማግሌ መካኒክ ጨርቅ እየጠቀለለ፣ «ፎቶውን ከፈለግህ ከዚህ በኩል ና፤ ከዚያ ብርሃን የለም» አለኝና ቦታ ለቀቀልኝ። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር የገጠምኩት፤ ከዚያ ቦታ የሚበቃው እሱ ነው። ዘንድሮም ረጅሙን ሌንስ ቤት ትቼ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሞተሮቹ ገና ሲነሱ፣ እዚያ ለመድረስ አስቤያለሁ።